ለዱሮው የአምፑል ራዲዮ በቤት የሚሠራ አንቴና

በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ አንድ ራዲዮ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ማእዘን፥ በጥልፍ ልብስ ተሸፍኖ፥ በክብር ተቀምጦ ይገኛል። የእንጨቱ ሣጥን ተወልውሎ ያበራል፤ የከተሞቹም ስም በመስተዋቱ ላይ እንደ ተጻፈ ነው። ዳሩ ግን ኤሌክትሪኩ ተሰክቶ አምፑሎቹ ከሞቁ በኋላ ከውስጡ የሚወጣው ሹሹታ ብቻ ስለሚሆን፥ የቤቱ ሰዎች «ይህስ ሞቷል» ብለው ይፈርዱበታል። ከዚያ ወዲያ ወይ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል፤ ወይም አንድ ቀን በደጅ ለሚያልፈው ቈራሌው በጥቂት ብር ይሸጣል።

ይህ ፍርድ በብዙ ቤት ያለ ምርመራ የተፈረደ ነው። ራዲዮው ደኅና ሆኖ ሳለ የጐደለው አንቴናው ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤቱ ሲታደስ ወይም ጣራው ሲቀየር የዱሮው ሽቦ ተቈርጦ ተጥሏል፤ የሚያስታውሰውም ሰው የለም። ስለዚህ የአባቱን ዕቃ ከመሸጡ በፊት የቤቱ ባለቤት ሊያደርገው የሚገባውን ነገር በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልናስረዳ አስበናል። ሥራው የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ወጪውም ጥቂት ነው። ነገር ግን በውስጡ የሰው ሕይወት የሚያሳልፍ አደጋ ስላለበት፥ አንባቢ ስለ መብረቅና ስለ ኤሌክትሪክ የጻፍነውን ክፍል ሳያነብ ወደ ጣራ እንዳይወጣ አጥብቀን እንለምናለን።

ትራንዚስተር የተባለው ዕቃ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. ተፈጠረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ትንንሽ የእጅ ራዲዮኖች በሆዳቸው ውስጥ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቍር በትር ስላላቸው አንቴናቸውን ይዘው ይዞራሉ። የአምፑል ራዲዮ ግን እንዲህ አይደለም። ሠሪዎቹ ራዲዮውን ሲያቅዱ ከጣራ በላይ የተዘረጋ ረዥም ሽቦ እንደሚኖረው አስበው ነው የሠሩት። ለዚህም ምስክሩ ከጀርባው ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። በአንደኛው አጠገብ እንደ መንሽ ያለ ምልክት ይታያል፤ ይህ የአንቴናው ነው። በሁለተኛው አጠገብ ከላይ ወደ ታች እያጠሩ የሚሄዱ ሦስት መሥመሮች ይታያሉ፤ ይህ የመሬቱ ነው። ሁለቱም ባዶ ሆነው ከተገኙ ራዲዮው የማይሰማበት ምክንያት ከሞላ ጐደል ታወቀ ማለት ነው።

ሽቦ እንዴት ከሩቅ አገር የመጣ ቃል ይሰማል? የሚል ጥያቄ ከልጆች ዘንድ መምጣቱ አይቀርም። ጀርመናዊው ሊቅ ሔርትዝ በካርልስሩኸ ከተማ ባደረገው ፈተና፥ የኤሌክትሪክ ሞገድ በአየር ውስጥ እንደሚሄድ በ1888 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) አስረዳ። ይህ ሞገድ በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በመንገዱም ላይ ሽቦ ባገኘ ጊዜ በሽቦው ውስጥ እጅግ ደካማ የሆነ ኤሌክትሪክ ያንቀሳቅሳል። የራዲዮው ሥራ ይህን ደካማ ነገር መርጦና አጐልብቶ ድምፅ ማድረግ ነው። ከሽቦው ምንም ያልመጣለት እንደ ሆነ ግን የሚያጐለብተው የራሱን ሹሹታ ነው።

ኢጣልያዊው ማርኮኒ በ1895 ዓ.ም. በቦሎኛ አጠገብ በአባቱ ርስት ላይ ሲሠራ፥ ሽቦውን ከፍ አድርጎ ሌላውን ጫፍ ከመሬት ጋር ባገናኘው ጊዜ ድምፁ እየራቀ እንደሚሄድ አየ። አንቴና የሚለው ስም ራሱ በኢጣልያንኛ የድንኳን ወይም የመርከብ ምሰሶ ማለት ነው። ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 12 ቀን 1901 ዓ.ም. ማርኮኒ በኒውፋውንድላንድ ደሴት በቅዱስ ዮሐንስ ከተማ ሆኖ፥ ከእንግሊዝ አገር ከፖልዱ የተላከለትን ምልክት ሰማሁ ብሎ አስታወቀ። ያን ቀን ነፋሱ ብርቱ ስለ ነበረ ሽቦውን ያነሣለት ምሰሶ ሳይሆን በሰማይ የሚንሳፈፍ የወረቀት ወፍ ዐይነት ካይት ነበር፤ የሽቦውም ርዝመት 150 ሜትር ያህል ይሆናል። በእውነት ሰምቶ እንደ ሆነ የሚጠራጠሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አሉ። ለእኛ ጕዳይ ግን የሚጠቅመው፥ ከፍታና መሬት የሚሉት ሁለቱ ነገሮች ያን ጊዜም ዛሬም የአንቴና መሠረት መሆናቸው ነው።

አሁን ወደ ሥራው ከመሄዳችን በፊት ራዲዮው ራሱ መታየት አለበት። ብዙ ዓመት የተኛ የአምፑል ራዲዮ እንዲያው በድንገት ከኤሌክትሪክ ጋር መገናኘት አይገባውም። በውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች በእርጅና ስለሚበላሹ ሊጨሱ፥ አልፎም እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ። በጀርባው ደግሞ የኤሌክትሪኩን ኀይል የሚመርጥ ማዞሪያ ያለባቸው አሉ፤ በ110፥ በ127 ወይም በ220 ላይ ይቆማል። በአገራችን ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ ማዞሪያው በ110 ላይ ቆሞ የተገኘ እንደ ሆነ ሰክቶ መሞከር ራዲዮውን ማቃጠል ነው። ክዳኑን ከፍቶ በእጅ መነካካትም የሚከለከል ነው። በአምፑሎቹ ላይ ከ200 ቮልት በላይ ይገኛል፤ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎም ቢሆን ኮንደንሰሮቹ ኀይሉን ይዘው ይቆያሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰው የማያስበው ነው። ከዱሮዎቹ ራዲዮኖች አንዳንዶቹ ትራንስፎርመር ሳይኖራቸው፥ የውስጣቸው የብረት ገበታ በቀጥታ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር የተገናኘ ሆኖ ተሠርተዋል። በእንዲህ ያለው ራዲዮ አንቴናውን ከኤሌክትሪኩ የሚለየው አንድ ትንሽ ኮንደንሰር ብቻ ነው። እርሱ በእርጅና የተበሳ እንደ ሆነ የግድግዳው ኤሌክትሪክ በጣራ ላይ ወዳለው ሽቦ ይወጣል፤ ሽቦውን የነካ ሰውም ይሞታል። ስለዚህ ሽቦ ከመዘርጋት አስቀድሞ ራዲዮውን የአምፑል ሥራ ለሚያውቅ ጠጋኝ አሳይቶ፥ ትራንስፎርመር ያለው መሆኑንና አለመሆኑን መጠየቅ፥ ከሌለውም እነዚያን የአንቴናና የመሬት ኮንደንሰሮች ለዚሁ ደኅንነት ተብለው በተሠሩ በአዲሶች ማስለወጥ የግድ ነው። ለጠጋኝ የሚከፈለው ገንዘብ ከሽቦው ዋጋ ቢበልጥም የሚያስቈጭ አይደለም።

የሽቦው ቦታ ሲመረጥ ሦስት ነገር ይታያል፤ ቈርቈሮው፥ የኤሌክትሪኩ መሥመርና ዛፉ። ቈርቈሮ ሞገድን ስለሚከለክል ከጣራው ሥር በኮርኒስ ውስጥ የተዘረጋ ሽቦ ብዙ አያተርፍም። ከቈርቈሮው ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ብሎ፥ ከተቻለም በግቢው ላይ እንጂ በጣራው ላይ ሳይሆን ቢዘረጋ ይሻላል። ከኤሌክትሪክ መሥመር ደግሞ መራቅ ነው። ሽቦው በመሥመሩ ላይ አይሻገርም፤ በሥሩም አያልፍም። ምሰሶው ቢወድቅ ወይም ሽቦው ቢበጠስ በማናቸውም በኩል መሥመሩን ሊነካ የማይችልበት ርቀት መኖር አለበት። እንዲህ ያለ ቦታ በግቢው ውስጥ ያልተገኘ እንደ ሆነ የውጭውን አንቴና መተው፥ ኋላ ወደምንጽፈው የቤት ውስጥ አንቴና መሄድ ይገባል። መሥመሩ ከሩቅም ቢሆን የሚታይ ከሆነ ሽቦውን ከእርሱ ጋር ጐን ለጐን ሳይሆን መስቀለኛ አቅጣጫ አስይዞ መዘርጋት የመሥመሩን ጕርምርምታ ይቀንሳል።

ለምሰሶነት ከባሕር ዛፍ አጠና የተሻለ ነገር በአገራችን አይገኝም። ቀጥ ያለ፥ ቀላልና ርካሽ ነው። አንደኛው ጫፍ በአጠናው ላይ፥ ሁለተኛው በቁሙ ባለ ዛፍ ላይ ሊታሰር ይችላል። ከመሬት ከ6 እስከ 10 ሜትር ከፍታ ይበቃል። ዛፍ ግን በነፋስ ስለሚወዛወዝ ሽቦውን እንደ ክራር ጅማት ወጥሮ ማሰር መበጠስን መጥራት ነው። በዛፉ በኩል ትንሽ መዘውር ተሰቅሎ ገመዱ በእርሱ ላይ ይለፍ፤ በገመዱም ጫፍ ድንጋይ የተሞላ ጣሳ ይንጠልጠል። ዛፉ ሲወዛወዝ ጣሳው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሽቦው ግን አይበጠስም። ከጣሳው ሥር ልጆች እንዳይጫወቱ ማድረግ ደግሞ የእናትየው ትእዛዝ ይሁን።

ሽቦው የመዳብ መሆን አለበት፤ ለቤት ኤሌክትሪክ የሚሸጠው፥ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት፥ ውፍረቱ 1.5 ወይም 2.5 የተባለው ዐይነት በመርካቶ በየሱቁ ይገኛል። ልባሱን መላጥ አያስፈልግም፤ ሞገድ በፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ያልፋልና። የሚዘረጋው 15 ሜትር፥ ወደ ቤት የሚወርደው ደግሞ እንደ ቤቱ 7 ወይም 8 ሜትር ቢሆን፥ 25 ሜትር ሽቦ ለሁሉ ይበቃል። ይህን በጨመርሁ ቍጥር ድምፁ ይጨምራል ብሎ 60 ሜትር የሚዘረጋ ሰው ደስታ አያገኝም፤ ረዥም ሽቦ የሩቁን ጣቢያ ሲያመጣ የጎረቤቱንም ጕርምርምታ አብሮ ያመጣልና። እንደ እኛ አስተያየት 15 ሜትር በጥሩ ቦታ 40 ሜትር በመጥፎ ቦታ ከሚያደርገው በልጦ ያገለግላል።

የሽቦው ጫፎች አጠናውንም ዛፉንም በቀጥታ መንካት የለባቸውም፤ እንጨት በዝናም ሲርስ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። በመካከሉ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሚታየውን ስኒ የሚመስል ሸክላ ማግባት ይገባል። ሸክላው ባይገኝ ሁለት ቀዳዳ የተበሳ ጠንካራ ፕላስቲክ፥ ወይም የመስተዋት ጠርሙስ አንገት ሥራውን ይሠራል። ሽቦው በአንዱ ቀዳዳ ይታሰራል፤ ገመዱ በሌላው። ወደ ቤት የሚወርደው ሽቦ ከተዘረጋው ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ሳይቈረጥ ቢወርድ እጅግ መልካም ነው። መቀጠል የግድ ከሆነ መዳቡ እስኪያበራ በቢላዋ ተፍቆ፥ ተጠምዝዞ፥ በእርሳስ ይበየድ። እንዲሁ የተጠመዘዘ መጋጠሚያ በአንድ ክረምት ይዝጋል፤ ከዚያም ራዲዮው በነፋስ ጊዜ ይንኳኳል፤ ሰውም ጥፋቱን በራዲዮው ላይ ያላክካል። በመስኮቱ ክፈፍ ላይ ለሽቦው የሚበሳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ዘንበል ይበል፤ አለዚያ የዝናሙ ውኃ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ሳሎኑ ይገባል። ቈርቈሮውንም ሆነ የውኃ መውረጃውን እንዳይነካ ከግድግዳው በእንጨት ራቅ ተደርጎ ይያዝ። ከተዘረጋም በኋላ የልብስ ማስጫ አይደለም፤ ይህን ለቤቱ ሠራተኞች ሁሉ መንገር ያሻል።

የመሬቱ ሽቦ ብዙ ሰው የሚንቀው፥ ነገር ግን ግማሹን ሥራ የሚሠራ ነው። ዝገት የማይዘው የብረት ቧንቧ ወይም የመዳብ ዘንግ፥ ርዝመቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሆነ፥ ከመስኮቱ በታች እርጥበት ባለበት ቦታ በመዶሻ ይተከላል። ወፍራም የመዳብ ሽቦ በብሎን ከእርሱ ጋር ጠብቆ ይታሰርና በአጭር መንገድ ወደ ራዲዮው ይገባል። ትራንስፎርመር በሌለው ራዲዮ ላይ ግን ከፍ ብለን እንዳልነው ጠጋኙ ሳይፈቅድ ይህ ሽቦ አይገናኝም። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ አንድ ባልዲ ውኃ ማፍሰስ ድምፁን ሲያሻሽል ይታያል። የውኃ ቧንቧ በዛሬ ጊዜ ብዙው ፕላስቲክ ስለ ሆነ እንደ ዱሮው ለመሬትነት አይታመንም።

መብረቅን በሚመለከት አጥብቀን እንጽፋለን፤ በደጋው አገራችን በክረምት ወራት ነጐድጓድ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነውና። ከመስኮቱ ውጭ፥ የአንቴናው ሽቦ ወደ ቤት ሳይገባ፥ ሽቦውን ከራዲዮው ለይቶ ከመሬቱ ዘንግ ጋር የሚያገናኝ ባለ ሁለት ወገን ማብሪያ ይተከላል። ራዲዮው በማይሰማበት ጊዜ ሁሉ ማብሪያው ወደ መሬት ዞሮ ይደር። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪመጣ ይቈጠር፤ ድምፅ በ3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ቍጥሩ ከ30 ያነሰ እንደ ሆነ መብረቁ ቀርቧልና ሽቦውንም ማብሪያውንም መንካት አይገባም፤ ሰው ሁሉ ከመስኮቱ ይራቅ፤ የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማም በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቅ። ስለዚህ ማብሪያውን ማዞርና ራዲዮውን ከግድግዳው መንቀል ሰማዩ መጥቈር ሲጀምር የሚደረግ እንጂ ነጐድጓዱ ከደረሰ በኋላ የሚታሰብ አይደለም። ማብሪያው በቀጥታ የወረደን መብረቅ ይመልሳል ማለታችን እንዳይደለ ይታወቅ፤ ይህን የሚመልስ የቤት ዕቃ የለም። የሚጠቅመው ደመናው በሽቦው ላይ የሚያከማቸውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ለማውረድ ነው። ማብሪያውን በየቀኑ አስታውሶ የሚያዞር ሰው በቤቱ ከሌለ የውጭውን አንቴና አለመሥራት ይሻላል።

በኮንዶሚኒየም ወይም በፎቅ የሚኖሩ፥ ግቢም ዛፍም የሌላቸው አንባቢዎች አይዘኑ። ለእነርሱ የሚሆነው ክፈፍ አንቴና ነው፤ ልጆችም በደስታ የሚሠሩት ይኸው ነው። ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች እንደ መስቀል ይመታሉ፤ በአራቱ ጫፎቻቸው ላይ ጥርስ ይወጣላቸዋል። ጐኑ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማእዘን እንዲሠራ ተደርጎ ቀጭን የተለበሰ ሽቦ 12 ጊዜ ይጠመጠማል፤ በዙሮቹ መካከል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። ለዚህ 30 ሜትር ሽቦ ይበቃል። ሁለቱ ጫፎች ከተሰበረ አሮጌ ራዲዮ ከወጣ የጣቢያ መፈለጊያ ኮንደንሰር ጋር ይገናኛሉ፤ መጠኑ 500 ፒኮፋራድ ያህል የሆነው ተስማሚ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ክፈፍ ላይ ሌላ ሽቦ አንድ ዙር ብቻ ይዞርና ሁለት ጫፎቹ በራዲዮው አንቴናና መሬት ቀዳዳዎች ይገባሉ። ጣቢያውን በራዲዮው ላይ ፈልጎ የክፈፉን ኮንደንሰር ቀስ ብሎ ሲያዞሩት፥ በአንድ ቦታ ላይ ድምፁ በድንገት ከፍ ይላል።

የክፈፉ ትልቅ ጥቅም ሲዞር ነው። ጠርዙ ወደ ጣቢያው ሲያመለክት ድምፁ ይበረታል፤ ፊቱ ወደ ጣቢያው ሲሆን ይጠፋል። ስለዚህ ጕርምርምታ በአንድ በኩል የሚመጣ እንደ ሆነ የክፈፉን ፊት ወደዚያ አዙሮ ጕርምርምታውን ማጥፋት ይቻላል። ይህ አንቴና የሚያገለግለው ለመካከለኛ ሞገድ ብቻ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም።

ጕርምርምታ ያልነው ነገር በአባቶቻችን ዘመን እንዲህ ብዙ አልነበረም። ዛሬ ግን የስልክ መሙያው፥ ኤልኢዲ የተባለው አምፑልና ቴሌቪዥኑ ሁሉ የየራሳቸውን ሞገድ ይረጫሉ። አንቴናው ተሠርቶ ቢጠናቀቅም ራዲዮው የሚያጕረመርም ከሆነ፥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ በእጅ ይዞ የቤቱን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያጠፉ መስማት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በመኝታ ቤት ተሰክቶ የተረሳ አንድ ርካሽ የስልክ መሙያ ሆኖ ይገኛል።

ከ1950 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ወዲህ የተሠሩት የጀርመን ራዲዮኖች ብዙዎቹ ኤፍ ኤም አላቸው። ለዚህ ሁለት ሽቦ፥ እያንዳንዱ 73 ሳንቲ ሜትር፥ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ መካከሉ ለኤፍ ኤም በተሠሩት ቀዳዳዎች ቢገባ ይበቃል። የቀደሙት ራዲዮኖች ሰሌዳ ግን በ100 ሜጋ ኸርትዝ ስለሚያልቅ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ንና ፋና 98.1ን ይይዛሉ፤ ሸገር 102.1ን አይደርሱበትም። ይህ የአንቴናው ጥፋት አይደለም።

በአጭር ሞገድ ለመስማት ደግሞ ሰዓቱን ማወቅ ያሻል። ሰሌዳው በሜትር የተጻፈ ከሆነ 300,000ን በሜትሩ ማካፈል ኪሎ ኸርትዙን ይሰጣል፤ 31 ሜትር ማለት 9,677 አካባቢ ነው። በቀትር 13፥ 16ና 19 ሜትር ይሻላሉ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ 25ና 31፥ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ 41ና 49 ይከፈታሉ። መካከለኛው ሞገድ በቀን ቅርቡን ብቻ የሚያሰማው፥ ፀሐይ በላይኛው አየር ውስጥ የምታበጀው የታችኛው ንጣፍ ሞገዱን ስለሚውጠው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንጣፍ ይጠፋል፤ ሞገዱም ከእርሱ በላይ ካለው ንጣፍ ላይ ነጥሮ ከሩቅ አገር ይመጣል። ይህ የላይኛው ንጣፍ መኖሩን እንግሊዛዊው አፕልተን በ1924 ዓ.ም. በፈተና አስረድቶ፥ በ1947 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብሎበታል።

በመስተዋቱ ላይ የተጻፉትን ከተሞች ሁሉ እናገኛለን ብሎ መድከም ግን አይገባም። የስዊሱ ቤሮሙንስተር በመካከለኛ ሞገድ መናገሩን በ2008 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) አቁሟል። የእኛ አገር ሽማግሌዎች በእነዚህ ራዲዮኖች ይሰሙት የነበረው ብሥራተ ወንጌልም በየካቲት ወር 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመርቆ፥ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ተወርሶ ስሙ ተለውጧል። ከኮሎኝ መናገር የጀመረው የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል የተመሠረተው በ1957 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ በብዙ ቤት ያለው የአምፑል ራዲዮ ከእርሱ ይቀድማል። ጣቢያዎች የሞገዳቸውን ቍጥር በየወቅቱ ስለሚለውጡ፥ የወቅቱን ቍጥር ከጣቢያው ጠይቆ በትንሽ ወረቀት ጽፎ በራዲዮው ጐን መለጠፍ ለሽማግሌዎቹ ድካም ይቀንሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር ራዲዮው ተሰክቶ አምፑሎቹ አንድ ደቂቃ ያህል ይሙቁ፤ ድምፁ መካከለኛ ይሁን። ከዚያ በኋላ ልባስ ያለው የአንቴናው ሽቦ ጫፍ በልባሱ ተይዞ ወደ ቀዳዳው ሲቀርብ ኳኳታ ይሰማል፤ ሲገባም ሹሹታው ይወፍራል። ይህ ከሆነ ሽቦው ሥራውን ጀምሯል። ጣቢያ መፈለጊያውን ቀስ ብሎ ማዞር የአባትየው ወይም የአያትየው ድርሻ ይሁን፤ ራዲዮውን ከማንም ይልቅ እጃቸው ያውቀዋልና።